ያልተወረሰው ልማድ፦ የዕለት ተዕለት ብስክሌት በብሪታንያ

በ1949 የብሪታንያ ብስክሌቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ከሚደረገው የተሽከርካሪ ጉዞ ሲሶው ያህል በፔዳል የሚሄድ ነበር። በ1973 ያው ቁጥር ከ4 ቢሊዮን በታች ወረደ፤ ድርሻውም ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ጊዜ 24 ዓመት ብቻ ነው። በ1949 አባቱ ብስክሌት ላይ አፈናጦት የሄደ ሕፃን በ1973 ራሱ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል፤ ልማዱ ግን በመካከሉ ጠፍቷል። ያን ያህል የተስፋፋና ያን ያህል ተራ የነበረ ነገር ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይሻገር እንዴት ቀረ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከፋብሪካና ከውድድር ታሪክ ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው በመንገድ፣ በደመወዝና በልጅ አስተዳደግ ታሪክ ውስጥ ነው።

የእንግሊዝ ብስክሌት ኢንዱስትሪ የተወለደው በልብስ ስፌት መኪና ፋብሪካ ነው። በኮቨንትሪ ከተማ የነበረ የስፌት መኪና ኩባንያ በ1860ዎቹ መጨረሻ ከፓሪስ በመጣለት ትእዛዝ ፊቱን ወደ ብስክሌት አዞረ። እዚያ ይሠራ የነበረው ጄምስ ስታርሊ የፊት ጎማው እጅግ የገዘፈውን፣ የኋላው ደግሞ ኮስማና የሆነውን ብስክሌት በማሻሻል ስሙ ይጠራል። ይህ ብስክሌት ወጣት፣ ጠንካራና ገንዘብ ያለው ወንድ ካልሆነ በቀር ማንም የሚደፍረው አልነበረም፤ ከላዩ የወደቀ ሰው በጭንቅላቱ ነበር የሚወድቀው። በ1885 የስታርሊ የወንድም ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ የሆኑበትን፣ ኃይሉም በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፍበትን «ሮቨር» አወጣ። በ1887 ደግሞ በቤልፋስት ይሠራ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ በነፋስ የሚነፋ ጎማ ሠራ። ዛሬ ማንም የሚያውቀው ብስክሌት በእነዚህ ሁለት ሥራዎች መልኩን ያዘ።

ብስክሌት መጀመሪያ ላይ የሀብታም ዕቃ ነበር። አንድ ጥሩ ብስክሌት ከ10 ፓውንድ በላይ በሚያወጣበት ጊዜ የቀን ሠራተኛ በሳምንት የሚያገኘው አንድ ፓውንድ ገደማ ነው። በ1895 የለንደን ባላባቶችና እመቤቶች በባተርሲ መናፈሻ በብስክሌት መንሸራሸርን ፋሽን አድርገውት ነበር። ፋሽኑ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አለፈ። ገበያው ከ1897 በኋላ ሲወድቅ፣ ብዙ ኩባንያዎች ከሰሩ፣ ዋጋም ወረደ፤ ባላባቱ የጣለውን ጸሐፊው፣ የሱቅ ሠራተኛውና አስተማሪዋ አነሱት። በ1894 በበርሚንግሃም የተመሠረተው የክላሪዮን ብስክሌተኞች ማኅበር አባላት እሑድ እሑድ ወደ ገጠር እየወጡ የሶሻሊስት ጋዜጣ ያድሉ ነበር። ሴቶችም ያለ አጃቢ ከቤት መውጣትን በዚሁ ጎማ ተለማመዱ፤ የሌስተሯ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ አሊስ ሆኪንስ የሴቶች የምርጫ መብት ትግል ቅስቀሳን በብስክሌት ካካሄዱት አንዷ ናት።

በዚህ መጀመሪያ ዘመን ብስክሌተኞች ለራሳቸው የተመኙት ነገር ኋላ ላይ የሌላ ሲሳይ ሆኗል። በ1886 የብስክሌተኞች ማኅበራት የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር አቋቁመው፣ ባቡር ከመጣ ወዲህ ተረስተው የነበሩት የገጠር አውራ ጎዳናዎች እንዲጠገኑ ወተወቱ። መንገዱ ሲስተካከል መጥቶ የወረሰው ግን አውቶሞቢል ነው። አምራቾቹም ቢሆኑ ከዚያው ወገን ነበሩ። ሮቨር፣ ሀምበር፣ ሲንገር፣ ትራያምፍ፣ ሂልማን የሚባሉት የመኪናና የሞተር ብስክሌት ስሞች ሁሉ መነሻቸው ብስክሌት ነው። በ1893 በኦክስፎርድ ገና በልጅነቱ ብስክሌት መጠገን የጀመረው ዊሊያም ሞሪስ ከብሪታንያ ታላላቅ መኪና አምራቾች አንዱ ለመሆን በቃ። እርሱ በካውሊ የሠራው ፋብሪካ ሠራተኞች መኪና ሲገጣጥሙ ውለው ወደ ቤታቸው በብስክሌት የሚመለሱበት ዘመን ረጅም ነበር።

ያ ዘመን፣ ማለትም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ 1950 ገደማ ያለው ጊዜ፣ የብሪታንያ ብስክሌት እውነተኛ ዘመን ነው። ዋጋው ሠራተኛው በየሳምንቱ እየከፈለ የሚጨርሰው ሆኗል፤ ያገለገለ ደግሞ ከዚያም ርካሽ ነው። የኖቲንግሃሙ ራሌ፣ የበርሚንግሃሙ ቢ.ኤስ.ኤ. እና ሌሎችም ለአገር ውስጥ ገበያና ለቅኝ ግዛቶች በገፍ ያመርቱ ነበር። ከራሌ ጋር የተቆራኘው የስተርሚ-አርቸር ባለሦስት ማርሽ የኋላ ጎማ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዳገትን ለተራ ሰው አቅልሎለታል። ማርሹ ከነዘይቱ ጎማው መካከል ውስጥ የተዘጋ በመሆኑ ዝናብና ጭቃ አይበግረውም፤ ለእንግሊዝ አየር ከዚህ የተሻለ ነገር ለማሰብ ያስቸግራል። የማታ ደወል ሲደወል የፋብሪካ በሮች ይከፈቱና መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ብስክሌት ይሞላዋል። ፖስተኛው፣ ፖሊሱ፣ አዋላጇ፣ ሥጋ በቅርጫት የሚያደርሰው ልጅ፣ ሁሉም የሚሄዱት በዚሁ ነው።

በዚህ ጊዜ ልማዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያልፍበት መንገድ ነበረው። ታናሽ ልጅ የታላቁን ብስክሌት ይወርሳል፤ የተነፈሰ ጎማ ካላማዳሪ በውኃ ጎድጓዳ ውስጥ ተነክሮ አረፋ የሚያወጣው ቦታ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚለጠፍ አባቱ ያሳየዋል፤ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ሲገባ ብስክሌቱ የሥራ መሣሪያው ይሆናል። ትምህርቱን የሰጠው ግን ችግር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አብዛኛው ሰው በብስክሌት የሄደው የአውቶቡስ ክፍያ ስለሚያስቆጭ፣ ሥራውም ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ነው። ብስክሌትን በፍቅር የያዙት የማኅበራቱ አባላት ከብዙኃኑ አንጻር ጥቂት ነበሩ። ኋላ ላይ ይህ ልዩነት ዋጋ አስከፍሏል፤ ፍቅር የነበራቸው ሰዎች ስፖርቱንና የእሑድ ጉዞውን አቆይተውታል፤ የሰኞውን ጉዞ ግን የሚያቆይለት አልተገኘም።

መንግሥት ነገሩን በመንገድ ሊያጸናው የሞከረበት አንድ ጊዜ አለ። በታኅሣሥ 1934 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሌስሊ ሆር-ቤሊሻ በምዕራብ ለንደን በዌስተርን ጎዳና ዳር ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ መርቀው ከፈቱ፤ ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ሚኒስቴሩ በአዳዲስ አውራ ጎዳናዎች ዳር ተመሳሳይ መንገዶች እንዲሠሩ ግፊት ማድረጉን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ቀጠለ። አጥብቆ የተቃወመው ያልተጠበቀ ወገን ነው፤ በ1878 የተመሠረተው አንጋፋው የብስክሌተኞች ማኅበር። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የተለየ መንገድ ከተሰጠን ከዋናው መንገድ መባረራችን አይቀርም፣ የተሰጠንም ጠባብና የማይረባ ነው ይሉ ነበር። በ1888 በወጣ ሕግ ብስክሌት እንደ ሠረገላ ተቆጥሮ ያገኘውን የመንገድ መብት ለጠባብ ጥርጊያ መለወጥ ሽንፈት መሰላቸው። መብቱ በወረቀት ላይ ጸና፤ መንገዱን ግን በሃያ ዓመት ውስጥ መኪና ወሰደው። ጦርነቱ ከመጣ በኋላ ከተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ብዙዎቹ ተረስተው ሣር በቀለባቸው፣ የመኪና ማቆሚያም ሆኑ።

የቤንዚን ራሽን በ1950 ተነሣ። በ1951 መኪና የነበራቸው ቤተሰቦች ከመቶ 14 ያህል ነበሩ፤ በ1971 ከግማሽ በላይ ሆነዋል። በመካከሉ ያረጁ የከተማ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ከሥራ ቦታው ርቆ በከተማ ዳርቻ ሰፈረ፤ ወደ ፎቅ ቤት የገባውም ብስክሌቱን የሚያኖርበት አጣ። በ1963 ኮሊን ቡካናን የከተማ ትራፊክን በሚመለከት ለመንግሥት ያቀረቡት ታላቅ ጥናት የአንድ ሙሉ ትውልድ መሐንዲሶች መመሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ ስለ ብስክሌት የሚናገረው ግን ከጥቂት ቃላት አይበልጥም፣ እያደር ሊጠፋ የሚችል ነገር አድርጎ ነበር ያየው። እንዲህ ታስቦ የተሠራ መንገድ የታሰበውን እውነት ያደርገዋል። አደባባዮች ሰፉ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ በብስክሌት የቀረው ሰው ከመኪና ጋር መጋፋት ያልሰለቸው ብቻ ሆነ።

ከመንገዱ የማያንስ ጉዳት ያደረሰው ክብር ነው። ብስክሌት መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ምልክት ሆኖ ተቆጠረ። ሠላሳ ዓመት በዝናብ ፔዳል የመታ አባት ልጁ በመኪና ሲሄድ ማየት የድካሙ ዋጋ ነው፤ ያወረሰው ብስክሌቱን ሳይሆን ከብስክሌት መገላገልን ነበር። በዚህ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ዛሬ ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሱ ጽሑፎች ይህን ነጥብ ዘለው ያልፋሉ።

ኢንዱስትሪው የገባው ገበያ ለውጡን ከምንም በላይ ያሳያል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ብስክሌት ያመርት የነበረውና የአለን ሲሊቶ የ1958 ልብ ወለድ «ቅዳሜ ማታና እሑድ ጠዋት» መቼት የሆነው የኖቲንግሃሙ የራሌ ፋብሪካ በ1970 ለብሪታንያ ልጆች «ቾፐር»ን አቀረበ። ረጅም ኮርቻ፣ ወደ ላይ የተቆለመመ መሪ፣ እንደ መኪና ማርሽ በእጅ የሚጎተት ዘንግ ያለው ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ጎልማሶች በፍቅር ያስታውሱታል። ነገር ግን መጫወቻ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይጥለዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ብስክሌት በመንገድ ቆጠራ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ በደረሰበት በ1973፣ ሪድሊ ስኮት የሆቪስ ዳቦን ማስታወቂያ ቀረጸ፤ አንድ የዳቦ ቤት ልጅ የጫነ ብስክሌቱን በሻፍትስበሪ ከተማ አቀበት እየገፋ ሲወጣ የሚያሳይ ነው። እንግሊዞች እጅግ ከወደዷቸው ማስታወቂያዎች አንዱ ሆነ። በመንገድ ላይ ያለቀ ነገር ዳቦ ለመሸጥ ይበቃ ነበር። ፋብሪካው በበኩሉ በ2002 በኖቲንግሃም ብስክሌት መሥራት አቆመ፤ በቦታው ላይ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ቆመዋል።

ሰንሰለቱን የበጠሰው ግን የልጆች ከመንገድ መወገድ ነው። ማየር ሂልማን፣ ጆን አዳምስና ጆን ዋይትሌግ በ1990 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በ1971 ከሰባትና ስምንት ዓመት የእንግሊዝ ልጆች ከመቶ 80 ያህሉ ያለ አዋቂ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ይህ ከመቶ 9 ሆነ። ብስክሌት ካላቸው ልጆች መካከል በ1971 ሁለት ሦስተኛው በመንገድ ላይ እንዲነዱ ይፈቀድላቸው ነበር፤ በ1990 ግን አንድ አራተኛው ብቻ። አጥኚዎቹ ያነሱት ነጥብ ብልህ ነው፦ በመንገድ የሚሞቱ ልጆች ቁጥር የቀነሰው መንገዱ ደኅና ስለሆነ ሳይሆን ልጆቹ ከመንገዱ ስለወጡ ነው። በ1947 በሙከራ ተጀምሮ በ1958 በአገር ደረጃ የተስፋፋው የልጆች የብስክሌት ፈተናም ሆነ ከ2007 ወዲህ የተካው «ባይከቢሊቲ» የተባለ ሥልጠና እጅግ ብዙ ልጆችን አሠልጥኗል። ሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ፣ በማግሥቱ በእናቱ መኪና ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ግን አብላጫው ነው፤ በእንግሊዝ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከመቶ ሁለት ገደማ ናቸው።

መንገድ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ብሪታንያ ራሷ ምስክር አላት። ከለንደን ሰሜን በ1946 የተመሠረተችው አዲስ ከተማ ስቲቭኔጅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከመኪና ሙሉ በሙሉ የተለየ፣ በአደባባዮች ሥር በውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ የሚያልፍ የብስክሌት መረብ ተሠርቶላታል። የሠራው መሐንዲስ ኤሪክ ክላክስተን ራሱ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ነበር፤ ሥራውን ከውጭ አገር ሳይቀር እየመጡ ያደንቁ ነበር። ይሁንና ያው ከተማ መኪና እንዳይጨናነቅ ሰፊ ጎዳናና ብዙ ማቆሚያ ተሰጥቶታል። ነዋሪው መኪናው የትም በፍጥነት ስለሚያደርሰው ብስክሌቱን ተወ፤ በ2001 በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄዱት የከተማዋ ነዋሪዎች ከመቶ ሦስት አልሞሉም። ዋሻዎቹና መንገዶቹ ዛሬም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው።

ካምብሪጅ ተቃራኒዋ ናት። የብስክሌት መንገዷ ለረጅም ጊዜ ከስቲቭኔጅ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ሆኖም በ2011 ቆጠራ ከሠራተኛ ነዋሪዎቿ ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ወደ ሥራ የሚሄዱት በብስክሌት ነው፤ በአገሪቱ የሚስተካከላት የለም። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ጎዳናዎቹ ከመካከለኛው ዘመን የቀሩ ጠባቦች ናቸው፤ መኪና ማቆሚያ ውድና ብርቅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተማሪዎቹ ያለ ፈቃድ መኪና እንዳይዙ ይከለክላል። ተማሪው በሦስትና በአራት ዓመት ጥሎ ይሄዳል፤ በየጥቅምቱ የሚመጣው አዲሱ ብዙ ጊዜ ያደገው በመኪና ነው። በሳምንት ውስጥ ያገለገለ ብስክሌት ይገዛል፤ ፕሮፌሰሩም፣ የሆስፒታል ነርሷም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም በዚያው ይሄዳሉና የሚያየው ሁሉ ይህ ነው። ስለዚህ በብሪታንያ ብስክሌት ከሁሉ በላይ የጸናባት ከተማ ልማዱን ከአባቶቻቸው ባልወረሱ ሰዎች የምትኖር ናት። ከቤተሰብ ይልቅ ቦታው ነው የሚያስተላልፈው፤ በየዓመቱ አዲስ ብስክሌተኛ የሚፈጥረው መኪና መያዝ አስቸጋሪ፣ ብስክሌት መያዝ ደግሞ ተራ ነገር መሆኑ ነው።

ኔዘርላንድም ቢሆን ስትታይ ከዚህ አትርቅም። እዚያም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብስክሌት በፍጥነት ወርዶ ነበር፤ በ1971 በመንገድ አደጋ የሞቱት ከ3,000 በላይ ሲሆኑ ከ400 በላዩ ሕፃናት ናቸው። «የሕፃናትን ግድያ አቁሙ» ብለው የተነሡ ወላጆችና የ1973 የነዳጅ ቀውስ ከተሞቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሷቸው። ዛሬ በኔዘርላንድ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከአራቱ አንዱ የሚሆነው በብስክሌት ነው፤ በእንግሊዝ ከመቶ ሁለት ገደማ። የደች ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ብስክሌት በደሙ ስላለ ነው የሚለው የእንግሊዞች ማመካኛ በ1949 በእንግሊዝ መንገዶች ላይ የነበረውን ይረሳል።

በብሪታንያም ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ማገገም ታይቷል፤ ነገር ግን የመጣው በወራሾች ሳይሆን በአዲስ ገቢዎች ነው። በ1977 በብሪስቶል የተጀመረው፣ በኋላ ሰስትራንስ የተባለው ንቅናቄ የተዘጋውን የብሪስቶልና የባዝ የባቡር ሐዲድ መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ለውጦ ጨረሰ፤ በ1995 ከሎተሪ ገንዘብ 43.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጥቶት አገር አቀፍ መረብ ዘረጋ። በ1996 መንግሥት የብስክሌት ጉዞን በ2002 እጥፍ፣ በ2012 ደግሞ አራት እጥፍ ለማድረግ አቀደ፤ አንዱም አልተሳካም። የኦሎምፒክ ወርቆችና ብራድሊ ዊጊንስ በ2012 ቱር ደ ፍራንስን ማሸነፉ ስፖርቱን አደመቁት፤ ተራውን ጉዞ ግን አላነቃነቁትም። እንዲያውም የተጣበቀ የስፖርት ልብስ፣ ቆብና የሚያበራ ሰደርያ ብስክሌትን የልዩ ሰዎች ጉዳይ አስመስለውት ይሆናል። ኮሊን ፑሊና ባልደረቦቻቸው በአራት የእንግሊዝ ከተሞች አጥንተው በ2013 ባወጡት መጽሐፍ ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ብዙ ሰው ብስክሌትን በመርህ ደረጃ ይደግፋል፣ ለራሱ ግን ከወጉ የወጣ ነገር አድርጎ ያየዋል።

ለንደን የተለየችው የመኪናን ምቾት ለመቀነስ በመድፈሯ ነው። በ2003 ወደ መሐል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ ተጣለ፤ በ2010 የኪራይ ብስክሌት መጣ፤ በ2016 በቴምዝ ዳር በኮንክሪት የተከለለ መንገድ ተከፈተ። በጥንታዊቷ የሲቲ ክፍለ ከተማ በቅርብ ዓመታት በተደረጉ ቆጠራዎች ብስክሌቶች ከግል መኪናዎች በልጠዋል። ይሁንና ያ የመሥሪያ ቤት ሰፈር ነው፤ ጠዋት የሚገባው አዋቂ ሠራተኛ ነው። በእንግሊዝ ወንዶች በብስክሌት የሚያደርጉት ጉዞ ከሴቶች እጥፍ ይበልጣል፤ በኔዘርላንድ ግን ሴቶች ከወንዶች አያንሱም። ሴትና ሕፃን በብዛት የማይታዩበት የብስክሌት መንገድ የሚፈልገው ድፍረት መሆኑን ይናገራል፤ ድፍረት ደግሞ ወላጅ ለልጁ በቀላሉ የሚያወርሰው ነገር አይደለም።

በ2020 የወረርሽኙ ጊዜ መኪና ከመንገድ ሲጠፋ የብስክሌት ጉዞ በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል አድጎ ወደ 8 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ደረሰ። የጋራዥ ብስክሌት ሁሉ ወጣ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ በመሐል መንገድ ነዱ። መኪናው ሲመለስ አብዛኛው ብስክሌት ወደነበረበት ገባ፤ በ2023 ጉዞው ወደ 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2022 በቀድሞው የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ክሪስ ቦርድማን መሪነት አዲስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት በጀቱ ተቀነሰ። በጀት በየምርጫው መለዋወጡ በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም።

የትውልዱ ጥያቄ ዛሬ የሚፈተነው በጥቂት ሰፈሮች ነው። በሰሜን ምሥራቅ ለንደን የምትገኘው ዋልታም ፎረስት በ2014 ለብስክሌት ምቹ እንዲሆኑ ከተመረጡት ሦስት ክፍለ ከተሞች አንዷ ሆና፣ በተሰጣት ገንዘብ የመኖሪያ ሰፈሮቿን አቋርጦ ለሚያልፍ መኪና ዘጋች፤ በዋና መንገዶቿም የተከለለ መስመር ሠራች። ሥራው ሲጀመር የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ የወጣ ተቃዋሚ ሳይቀር ነበር። በዚያን ሰሞን እዚያ የተወለዱ ልጆች ያደጉት ብስክሌት ወደ ዳቦ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት መሄጃ ሆኖ በሚታይበት ጎዳና ነው። የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ወደ ሥራ የሚኬድበትን መንገድ የሚጠይቀው ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሠራተኞችን ነው፤ እነዚህ ልጆች ወደዚያ ዕድሜ የሚገቡት በ2031 ገደማ ነው።